የአባቴን ልብ ያዘገየው ማስታገሻው ነው ወይ?

ጥያቄ፦ «ሰላም ዶክተር። የምጽፍልዎት ከፒያሳ ነው። አባቴ 64 ዓመቱ ነው፤ የደም ግፊት አለበት። አቴኖሎልና ኢናላፕሪል ይወስዳል። ባለፈው ወር የሐሞት ጠጠሩን በላፓራስኮፒ፣ ማለትም ሆዱ ሳይከፈት በትንንሽ ቀዳዳ፣ ተሠራ። ኦፕሬሽኑ ደህና አለቀ። ከዚያ በኋላ ግን የማደንዘዣ ባለሙያው ጠርቶን ‹መሃል ላይ ልቡ በጣም ዘግይቶ፣ ግፊቱም ወርዶ ነበር፤ አስተካክለነዋል› አለን። ወረቀቱን በስልኬ አንስቼዋለሁ። ፌንታኒል የሚባል ማስታገሻ 100 ማይክሮግራም ይላል። ሲጀመር የልብ ምቱ 82፣ ግፊቱ 155/90 ነበር። መድኃኒቶቹ ከተሰጡት በኋላ ምቱ 58፣ ግፊቱ 92/54 ሆነ። ሆዱ ውስጥ ጋዝ ሲገባ ደግሞ ምቱ 36፣ ግፊቱ 80/45 ይላል። አትሮፒን ተሰጥቶት ምቱ ወደ 80 ተመለሰ። ማታ ኢሲጂ፣ የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ፣ ተነስቶ ደህና ነው ተባልን። ኢንተርኔት ላይ ሳነብ ግን ፌንታኒል አሜሪካ ውስጥ ስንቱን ሰው የጨረሰ መድኃኒት ነው። የአባቴ ልብ ተጎድቶ ይሆን? በሚቀጥለው ወር የቡአ ኦፕሬሽን አለበት። ያለዚህ መድኃኒት ይሠራልን ማለት እንችላለን?»

መልስ፦ እህቴ፣ ወረቀቱን ፎቶ ማንሳትሽ ጥሩ አድርገሻል። ብዙ ቤተሰብ ከኦፕሬሽን ክፍል በር ላይ ይዞ የሚመለሰው «ልቡ ቆሞ ነበር አሉን» የሚል ወሬ ብቻ ነው። በዚያ ላይ ተነስቶ ምንም ማለት አይቻልም። አንቺ ግን ቁጥር ይዘሽ መጥተሻል፤ እሱን ተከትለን እንሂድ።

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። በጻፍሽልኝ ውስጥ የአባትሽ ልብ ተጎድቷል የሚያሰኝ ምልክት አላየሁም። ፌንታኒል በነገሩ እጁ አለበት። ብቻውን ግን አልሠራውም። አብረውት የነበሩት ነገሮች ባይኖሩ ያ 36 የሚል ቁጥር ወረቀቱ ላይ ይታያል ብዬ አልገምትም። ስለዚህ መድኃኒቱን እምቢ ከማለታችሁ በፊት አብረውት የነበሩትን ማወቅ ይሻላል።

ለመሆኑ ፌንታኒል እዚያ ምን ሊሠራ ገባ? ሙሉ ማደንዘዣ የተሰጠው ሰው ተኝቷል፤ አያውቅም፣ አያስታውስም። ሰውነቱ ግን ለሕመም መልስ መስጠቱን አያቆምም። መተንፈሻ ቱቦው በጉሮሮ ሲገባ ወይም ቆዳ ሲቀደድ አድሬናሊንና ኖራድሬናሊን ይለቀቃሉ። ልብ ይሮጣል፣ ግፊት ይተኮሳል። በተለይ ቱቦው የሚገባበት ጊዜ አጭር ቢሆንም ከባድ ነው። ጤነኛ ወጣት ይችለዋል። እንደ አባትሽ ግፊት ላለበት ሰው ግን 155 የነበረው 200 ሊያልፍ ይችላል። የልቡ ደም ሥሮች የጠበቡ ከሆኑ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ትልቁ የግራ ልብ ጡንቻ የራሱን ደም በብዛት የሚያገኘው በምትና በምት መካከል ሲያርፍ ነው። ምቱ ሲፈጥን ዕረፍቱ ያጥራል። ሥራው በዛ፣ ደሙ አነሰ ማለት ነው። ኦፕሬሽን ጠረጴዛ ላይ የልብ ድካም ወይም የልብ ጡንቻ ጉዳት የሚመጣበት አንዱ መንገድ ይኼ ነው።

ይህን ለመከላከል ቱቦው ከመግባቱ ጥቂት ደቂቃ ቀድሞ ፌንታኒል ይሰጣል። በደም ሥር የተሰጠ ፌንታኒል ሙሉ ጉልበቱ የሚታየው ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ባለው ጊዜ ነው። 100 ማይክሮግራም ብዙ አይደለም። የአባትሽን ክብደት አልጻፍሽም፤ 70 ኪሎ ናቸው ብንል በኪሎ አንድ ተኩል ማይክሮግራም እንኳ አይሞላም። ለዚህ ሥራ በተለምዶ ከ1 እስከ 3 ማይክሮግራም በኪሎ እንሰጣለን። ባለሙያው ዕድሜያቸውንና ግፊታቸውን አይቶ ወደ ታች እንደያዘው ይገባኛል።

አሁን ወደ ልቡ እንምጣ። ብዙ ሰው ፌንታኒል ልብን በቀጥታ የሚመታ ይመስለዋል። በዚህ መጠን ግን የልብ ጡንቻ የመኮማተር ኃይል እምብዛም አይነካም። መድኃኒቱ የሚሠራው አንጎል ግንድ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ልብ ሁለት የነርቭ ትእዛዞች ይወርዳሉ። ሲምፓቴቲክ የሚባለው ልብን ያስሮጣል፣ ደም ሥርን ያጠባል። ቬገስ የሚባለው ልብን ያዘገያል። ኦፒዮይዶች፣ ማለትም የሞርፊን ዘመዶች በሙሉ፣ የመጀመሪያውን ያላላሉ፤ አብዛኞቹም ሁለተኛውን ያበረታሉ። ከለገሃር ወደ ፒያሳ ሽቅብ የሚወጣ ታክሲ ሹፌሩ እግሩን ከነዳጅ ላይ ቢያነሳ ይዘገያል። ሞተሩ ግን አልተበላሸም።

አትሮፒን የሠራውም በዚሁ ምክንያት ነው። አትሮፒን ቬገስ ለልብ የሚልከውን መልእክት ይዘጋል። ምቱ ቶሎ ወደ 80 መመለሱ ነገሩ የነርቭ ትእዛዝ እንደነበር ይጠቁማል። ወረቀትሽ ላይ በጣም ያስደሰተኝ መስመር እሱ ነው።

ቁጥሮቹን እንያቸው። ሁለት መውረዶች አሉ፤ ምክንያታቸውም የተለያየ ነው።

የመጀመሪያው ከ155/90 ወደ 92/54 ነው። ወረቀቱን እንደገና ተመልከቺው፤ ከፌንታኒል ቀጥሎ ፕሮፖፎል የሚል ሳይኖር አይቀርም። ያ ነጩ፣ ወተት የሚመስለው መድኃኒት ነው። ሰውን የሚያስተኛው እሱ ነው፤ ግፊትን በማውረድም ከፌንታኒል በእጅጉ ይበልጣል። ደም ሥሮችን ያሰፋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ከሚያወርዱት ድምር በላይ ሊያወርዱ ይችላሉ። የሚያረጋጉት ዲያዜፓምና ሚዳዞላምም ከኦፒዮይድ ጋር ሲገናኙ እንደዚያው ናቸው። ለየብቻቸው ጨዋ ናቸው፤ ሲገናኙ ግን ግፊቱን ይዘውት ይወርዳሉ።

ከዚያ የአባትሽ የራሳቸው ኪኒኖች አሉ። ግፊት ሲወርድ ሰውነት የሚጠራው መጠባበቂያ አለ። ከኩላሊት የሚነሳ፣ አንጂኦቴንሲን በሚባል ሆርሞን የሚሠራ መስመር ነው። ኢናላፕሪል ሥራው ያንን መስመር መዝጋት ነው። በአዘቦት ቀን ጥሩ ነው፤ ግፊቱ ዝቅ ይላል። ማደንዘዣ ሲሰጥ ግን ሲምፓቴቲኩ በመድኃኒት ላልቷል፣ ይኼኛው መስመር በኪኒን ተዘግቷል። ሰውነት የሚይዘው ያጣል። አቴኖሎል ደግሞ ልብን ቀድሞውኑ አዘግይቶታል። እሱ ላይ ፌንታኒል ሲጨመር 58 የሚገርም ቁጥር አይደለም።

ሌላም አለ፤ ይኼኛውን አንቺ ነሽ የምታውቂው። አባትሽ በስንት ሰዓት ገቡ? የእኛ አገር ልማድ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ» ነው። ተራቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከደረሰ 14 ሰዓት ጠብታ ውኃ ሳይቀምሱ ገብተዋል ማለት ነው። ከዋዜማው ቀን ጀምሮ ምግብ ካስጠላቸው ደግሞ ከዚያም ይረዝማል። የደረቀ ሰው ግፊቱን ይዞ የሚቆየው ደም ሥሮቹን አጥብቆ ነው። መድኃኒቱ ሲያላላቸው የጎደለው ፈሳሽ ወዲያው ይታያል። አደጋ ደርሶበት ደም የፈሰሰው ሰው ትንሽ ፌንታኒል ተሰጥቶት ግፊቱ ጥልቅ ሲል የምናየውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጥፋቱ የሚጠቆመው በመድኃኒቱ ላይ ነው፤ የጎደለው ግን ደሙ ነበር። እዚህ ላይ የግል ቅሬታዬን ላስገባ፦ ዛሬ ያሉት መመሪያዎች ለአብዛኛው ሕመምተኛ ንጹሕ ውኃ ማደንዘዣው ሊጀመር 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቅዳሉ። ጠንካራ ምግብ ነው 6 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚያስፈልገው። ሽማግሌን ቀኑን ሙሉ አድርቆ ማዋል የጥንቃቄ ሳይሆን የፕሮግራም ችግር ነው።

ሁለተኛው መውረድ፣ ያ 36፣ ጋዙ ሲገባ የመጣው ነው። በላፓራስኮፒ ሐኪሙ ቦታ ለማግኘት ሆድን በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋዋል። ግፊቱ በአብዛኛው ከ12 እስከ 15 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው። ሆድን ከውስጥ የሚሸፍነው ስስ ቆዳ በድንገት ሲወጠር ቬገስ ይነሳሳል። ልብ ይዘገያል፤ አንዳንዴ ለጥቂት ሰከንድ ቀጥ ይላል። ይህ ምንም ኦፒዮይድ ባልወሰደ ወጣት ላይም ይደርሳል። አባትሽ ላይ ግን መሬቱ የተመቻቸ ነበር። አቴኖሎል ከጠዋት፣ ፌንታኒል ከደቂቃዎች በፊት፣ ከዚያ የሆድ መወጠር። ሦስቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚጎትቱት። በዚያ ላይ ለሐሞት ኦፕሬሽን ሰውየው ጭንቅላቱ ከፍ፣ እግሩ ዝቅ ብሎ ነው የሚተኛው። ደም ወደ እግር ይወርዳል፣ ጋዙም ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል።

በእንዲህ ያለ ሰዓት የሚደረገው የታወቀ ነው። ሐኪሙ ጋዙን እንዲያስወጣ ይነገረዋል። አትሮፒን ይሰጣል። ግፊቱ ካልተነሳ ፈሳሽና ኤፌድሪን የመሰለ መድኃኒት ይከተላል። ምቱ ሲመለስ ጋዙ ቀስ ተብሎ እንደገና ይገባል። በሙያው ውስጥ የምንጠብቀው፣ መድኃኒቱን ስበን አጠገባችን አስቀምጠን የምንጀምርለት ነገር ነው። ባለሙያው ደግሞ ደብቆ ማለፍ ሲችል ጠርቶ ነግሯችኋል። ይህ ልማድ ቢስፋፋ ደስ ይለኛል።

ታዲያ ጉዳት አለ ወይ? 80/45 ሲባል አማካይ ግፊቱ ወደ 57 ይጠጋል። አማካዩን ከታችኛው ቁጥር ላይ የሁለቱን ልዩነት ሲሶ ጨምረሽ ታገኚዋለሽ። እኛ በአብዛኛው ከ65 በታች ባይወርድ እንመርጣለን። ከፍተኛ ግፊት ለለመደ ሽማግሌ ደግሞ ትንሽ ከፍ እንዲል እንፈልጋለን። ጉዳት የሚመጣው ግፊቱ ዝቅ ብሎ ብዙ ሲቆይ ነው። ወረቀቱ ላይ ነጥቦቹ በየ5 ደቂቃው ነው የሚመዘገቡት። ዝቅ ያለው ነጥብ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ከሆነ አይክበድሽ። ረጅም መስመር ሠርቶ ከሆነ ግን ለቀጣዩ ባለሙያ አሳዪው። የዚያን ማታ ኢሲጂ ጥሩ ምልክት ነው፤ ሁሉንም ነገር ግን አይዘጋም። ከዚያ ወዲህ የደረት ሕመም፣ አዲስ የትንፋሽ ማጠር፣ የእግር እብጠት ወይም ራስን መሳት ካልነበረ ለኢኮ (ለልብ አልትራሳውንድ) መሯሯጥ አያስፈልግም። አንዱም ከነበረ ግን ከቡአው ኦፕሬሽን በፊት የልብ ሐኪም ይያቸው።

ስለ አሜሪካው ፌንታኒል ጠይቀሻል። ፌንታኒል እ.ኤ.አ. በ1960 ቤልጂየም ውስጥ በፖል ያንሰን የተሠራ መድኃኒት ነው። ጉልበቱ ከሞርፊን ወደ መቶ እጥፍ ይጠጋል። ለዚህ ነው በማይክሮግራም የሚለካው። መንገድ ላይ የሚገድለው በአብዛኛው ትንፋሽን ስለሚያቆም ነው። ኦክስጅን ያጣ ልብ ተከትሎ ይቆማል። መጠኑን የሚያውቅ የለም፣ የሚያስተነፍስም የለም። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ግን ትንፋሹን የያዘው ባለሙያውና ማሽኑ ነው። ዋናው ገዳይ በር ተዘግቷል። ከልብ አንጻር ካየነው ፌንታኒል ካሉን ገራም መድኃኒቶች አንዱ ነው።

እንዲያውም የልብ ቀዶ ሕክምና ታሪክ በኦፒዮይድ የቆመበት ዘመን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ቦስተን ውስጥ ኤድዋርድ ሎወንስታይንና ባልደረቦቹ አንድ ነገር አሳተሙ። ልባቸው ክፉኛ ለታመመ ሰዎች በኪሎ ከግማሽ እስከ 3 ሚሊግራም ሞርፊን ሰጡ፤ ትንፋሻቸውንም አገዙ። ለአባትሽ ሕመም በአንድ ጊዜ የምንሰጠው ሞርፊን በአብዛኛው ከ10 ሚሊግራም አይበልጥም፤ እዚያ ግን ለአንድ ሰው እስከ 200 ሚሊግራም ማለት ነው። ተኝተው ሳለ የደም ዝውውራቸው ብዙም አልተናጋም። ሌሎች ማደንዘዣዎች የማይችሏቸው ልቦች ይህን ቻሉት። በኋላ ግን ችግሩ ወጣ። አንዳንዱ ሰው መሃል ላይ ነቅቶ ያስታውስ ነበር። ግፊታቸው የሚወርድ ነበሩ፤ ብዙ ፈሳሽ የሚፈልጉም። ከሁሉ በላይ በራሳቸው እስኪተነፍሱ ረጅም ሰዓት ይፈጅ ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ቦታውን ፌንታኒል ወሰደው፤ በኪሎ 50 ማይክሮግራምና ከዚያም በላይ እየተሰጠ። ከአባትሽ መጠን ጋር አስተያዪው። ዛሬ ያን ያህል አንሰጥም፤ ሰው ቶሎ ነቅቶ እንዲተነፍስ እንፈልጋለን። የልብ ሥራው ግን በዚያ መጠን እንኳ ብዙም እንዳልተናወጠ ታይቷል።

የፌንታኒል ዘመዶች ሁሉ አንድ አይደሉም። ሞርፊን ሂስታሚን ያስለቅቃል። ቆዳ ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ደም ሥር ይሰፋል፣ ግፊት ይወርዳል። በፍጥነት ከተሰጠ ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ ሞርፊን ቀስ ተብሎ፣ በትንሽ በትንሹ ነው የሚገባው። ፌንታኒል ይህ ጠባይ የለውም። ፔቲዲን፣ እዚህ ዎርድ ውስጥ ስሙን ደጋግመሽ የምትሰሚው፣ የቤተሰቡ ባለጌ ነው ብል አላጋነንኩም። በ1930ዎቹ መጨረሻ ጀርመን ውስጥ አትሮፒንን የመሰለ መድኃኒት ሲፈለግ የተገኘ ነው። ዛሬም አትሮፒንን ይመስላል፤ ልብን ማዘግየት ሲገባው ያስሮጣል። ሂስታሚንም ያስለቅቃል። በብዛት ሲሆን የልብ ጡንቻን ኃይል ያደክማል፤ ከሌሎቹ የሚለይበት ዋናው ነገር ይኼ ነው። ሰውነት ሲያፈርሰው የሚቀረው ውጤት ደግሞ በተለይ ኩላሊታቸው በደከመ ሰዎች ላይ ተጠራቅሞ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከማደንዘዣ በኋላ ለሚመጣ ብርድ ብርድ ማለት 25 ሚሊግራም መስጠት እወዳለሁ፤ ለዚያ ጎበዝ ነው። ልቡ ለሚያሳስበኝ ሰው ዋና ማስታገሻ ግን አላደርገውም።

አብሮ የሚሸተተው የማደንዘዣ ጋዝም ለውጥ ያመጣል። ሃሎቴን ብቻውን ልብን ያዘገያል፣ ጡንቻውንም ያደክማል። ከፌንታኒል ጋር ሲሆን መዘግየቱ ይበዛል። አይሶፍሉሬን ምቱን እንደዚያ አያዘገይም፤ ግፊትን የሚያወርደው ደም ሥር በማስፋት ነው።

የልብ ቫልቭ (የልብ በር) ችግር ያለባቸው አንባቢዎችም ስላሉ ሁለት መስመር ላክል። ሩማቲክ በሚባለው የልብ በሽታ ምክንያት ሚትራል የሚባለው የግራ ልብ ቫልቩ ለጠበበ ሰው ዘገም ያለ ምት ጠቃሚ ነው፤ ደሙ በጠባቡ በር ለማለፍ ጊዜ ያገኛል። ቫልቩ ወደ ኋላ ደም ለሚያፈስበት ሰው ደግሞ ምቱ ባይዘገይ ይመረጣል። አንዱን የጠቀመ መዘግየት ሌላውን ይጎዳል። ቫልቭሽ ምን ዓይነት እንደሆነ ሳትናገሪ ማደንዘዣ አትውሰጂ።

ወደ ዋናው ጥያቄሽ፦ ያለ ኦፒዮይድ ይሠራል ወይ? ይሠራል። ኬታሚን፣ ሊዶኬይን፣ ፓራሲታሞልና የነርቭ ማደንዘዣ እያዋሃዱ የሚሠሩ አሉ። ልብን ለመጠበቅ ብለሽ ከሆነ ግን ጥቅሙ አይታየኝም። ኬታሚን ምትንም ግፊትንም ያወጣል፤ ግፊት ላለበት ሰው ያ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። ደክስሜደቶሚዲን የሚባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት ደግሞ ራሱ ልብን ያዘገያል። ፈረንሳይ ውስጥ እሱን በኦፒዮይድ ቦታ የተካ ትልቅ ጥናት ነበር፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2021 ወጣ። ደክስሜደቶሚዲን በወሰዱት ላይ ከባድ የልብ ምት መዘግየት ስለታየ ሳያልቅ እንዲቆም ተደርጓል። ከመዘግየት ሸሽቶ ወደ መዘግየት መሄድ ማለት ነው።

ለቡአ ግን የተሻለ መንገድ አለ፤ ሙሉ ማደንዘዣ ራሱ ላያስፈልጋቸው ይችላል። የብሽሽት ቡአ በወገብ ማደንዘዣ ይሠራል። አንዳንዱም ቦታው ላይ ብቻ በሚወጋ ማደንዘዣ ይሠራል። ከሐኪሙና ከማደንዘዣ ባለሙያው ጋር ተነጋገሩበት። የወገቡም ቢሆን ግፊት ያወርዳል፤ ከወገብ በታች ያሉትን ደም ሥሮች ስለሚያላላ። ቦታው ላይ ብቻ የሚሰጠው በዚህ ረገድ ይሻላል። አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ፤ በወገብ በሚሰጠው ውስጥ ከ10 እስከ 25 ማይክሮግራም ፌንታኒል መቀላቀል የተለመደ ነው። ወረቀቱ ላይ ስሙን እንደገና ብታዪው አትደንግጪ።

ለቅድመ ምርመራ ስትሄዱ ያንን ፎቶ አሳዪ። «ጋዝ ሲገባ ምቱ 36 ደርሶ በአትሮፒን ተመልሷል፤ አቴኖሎልና ኢናላፕሪል ይወስዳል» በይ። ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ለባለሙያው ከብዙ ምርመራ ይበልጥበታል። አቴኖሎልን በራሳችሁ አታቋርጡ። በድንገት ሲቋረጥ ልብ ይፈረጥጣል፣ ግፊትም ይነሳል፤ በአብዛኛው የኦፕሬሽኑ ዕለት ጠዋትም በአንድ ጉንጭ ውኃ ይዋጣል። በኢናላፕሪል ላይ ባለሙያዎች አንድ ሐሳብ የለንም። ብዙዎቻችን ከኦፕሬሽኑ በፊት ያሉትን 24 ሰዓታት እናስዘልላለን፤ ሌሎች አያስዘልሉም። የሚያደነዝዛቸውን ሰው ጠይቁ፣ የሱን ቃል ያዙ። ውኃ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚፈቀድላቸውም በዚያው ጠይቂ፤ ሳትጠይቂ ማንም አይነግርሽም። አባትሽ ጫት የሚቅሙ ከሆነ ደግሞ አትደብቁ። ጫት ምትንም ግፊትንም ያነሳል፤ መነሻ ቁጥራቸውን ያሳስታል። እኛ ደግሞ ፖሊስ አይደለንም።

ከልብ አንጻር እኔን ከኦፕሬሽኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ ያለው ማታ ነው። ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥ ሞኒተር አለ፣ ሰው አለ። ዎርድ ሲወጡ ሞኒተሩ ይቀራል። ኦፒዮይድ የቀረው ሰው ትንፋሹ ሲያንስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይጠራቀማል፣ ኦክስጅን ይወርዳል። ልብ መጀመሪያ ይፈጥናል፣ ግፊት ይወጣል። ያኔ «አመመው» ተብሎ ሌላ መርፌ ይጨመራል። እዚህ ነው አደጋው። አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ትንፋሽ ትንሽ ሲጎድል ኦክስጅኑ ከጅቡቲ ይልቅ እዚህ ቀድሞ ይወርዳል። አባትሽ አጠገብ ስታድሪ ትንፋሻቸውን ቁጠሪ። በደቂቃ ከ10 በታች ከሆነ፣ ወይም ጠርተሻቸው ካልነቁ፣ ወይም ማንኮራፋታቸው እየተቋረጠ ዝም የሚሉ ከሆነ ነርሷን ጥሪ። ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ። እሱም በጥቂት በጥቂቱ ነው የሚሰጠው። ሙሉውን ባንዴ ከሰጡት ሕመሙ ተጠራርቶ ይመጣል፤ ግፊትና ምት ይተኮሳሉ፣ ሳንባ ውኃ የቋጠረባቸውም ታይተዋል። ለደከመ ልብ ይህ ከኦፒዮይዱ የባሰ ሊሆን ይችላል።

መጀመሪያ ከአልጋ ሲነሱ ደግሞ ብቻቸውን አይነሱ። ሞርፊንም ፔቲዲንም በተኛ ሰው ላይ ያላሳዩትን የግፊት መውረድ ሲቆም ያሳያሉ። እግራቸውን አንጠልጥለው ትንሽ ይቀመጡ፣ ካላዞራቸው ይቁሙ። ሽንት ቤት መንገድ ላይ ወድቆ ዳሌውን የሰበረ ሽማግሌ ከማየት የሚያስቆጭ ነገር የለም።

ለቤት የሚሰጣችሁን ማስታገሻ በተመለከተ፣ መነሻው ፓራሲታሞል ይሁን። በቀን ከ4 ግራም አይለፍ፤ ጉበታቸው የተጎዳ ወይም ሰውነታቸው የከሳ ከሆነ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ሐኪሙ ይወስን። ዲክሎፌናክና ኢቡፕሮፌን ከኢናላፕሪል ጋር ኩላሊትን ያስቸግራሉ፣ ግፊትንም ያወጣሉ። ከሰፈር ፋርማሲ ገዝታችሁ አትስጧቸው። ትራማዶል ከታዘዘላቸው በታዘዘው መጠን ብቻ ይውሰዱ፤ የድብርት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ደግሞ ለሐኪሙ ሳትነግሪ አይጀምሩት።